የቢራ አተላ፣ ፉርሽካና ባጋስ ላይ ሬሺና ላየንስ ሜን እንጉዳይ ማብቀል፦ ምጣኔው ስንት ይሁን?

የሺ_ድር

ሰላም ለሁላችሁ። ሳይቋረጡ የሚገኙልኝ ተረፈ ምርቶች እነዚህ ናቸው፦ ከቢራ ፋብሪካ ትኩስ አተላ ከነውሃው፣ ከዱቄት ፋብሪካ ፉርሽካ፣ ከስኳር ፋብሪካ ባጋስ (ተጨምቆ የቀረ የሸንኮራ ቃጫ)፣ ከዘይት መጭመቂያ ፋጉሎ። የጠንካራ እንጨት ሰጋቱራም አለ፤ እንደ አተላው ግን አይትረፈረፍም። ማብቀል የምፈልገው ሬሺና ላየንስ ሜን ነው። ኦይስተር እንጉዳይ ላይ የሚሠራው ሁሉ እነዚህ ላይ ስለማይሠራ የኦይስተር ቀመር አትስጡኝ።

ጥያቄዎቼ፦ አተላው ከጠቅላላው ስንት እጅ ቢሆን ይሻላል? ሰጋቱራውን በባጋስ መተካት ይቻላል ወይ? ፋጉሎ ጭራሽ ይቅር ወይስ በትንሹ ይግባ? ለማምከን ያለኝ 15 ፒ ኤስ አይ ግፊት የሚይዝ መካከለኛ አውቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ማምከኛ)ና በእንፋሎት የሚሠራ በርሜል ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህም ለውጥ ካለው ንገሩኝ። ከረጢቶቼ ማጣሪያ ያላቸው የፖሊፕሮፒሊን ናቸው፤ ሲሞሉ 2.5 ኪሎ ይመዝናሉ።

ሰጋቱራ

የሺ ድር፣ ነገሩን የሚወስነው አተላው ከነውሃው መምጣቱ ነው። ከማጣሪያ ጋን የሚወጣ አተላ ከ75 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ስለዚህ «አተላ 20 በመቶ» የሚል ቀመር ስታዪ መጀመሪያ የምትጠይቂው በእርጥቡ ነው ወይስ በደረቁ ብለሽ ነው። በእርጥቡ የተሰላና በደረቁ የተሰላ ቀመር በአራት እጥፍ ይለያያሉ፤ እዚህ የሚለጠፉት ቀመሮች ደግሞ ግማሾቹ የትኛው እንደሆነ አይናገሩም።

የደረቁ ክፍል ከ20 እስከ 30 በመቶ ፕሮቲን አለው። ይህን ያህል ናይትሮጅን የያዘ ነገር ማበልጸጊያ እንጂ የማብቀያው መሠረት ሊሆን አይችልም። መሠረቱ እንጨት ወይም እንጨት መሰል ነገር ይሁን፤ አተላው ይጨመርበት። በደረቅ ክብደት ስሌት ለሬሺ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ለላየንስ ሜን 20 በመቶ ድረስ ሂጂ። ሬሺ በባህሪው የቆመና የወደቀ ግንድ የሚበላ ስለሆነ ብዙ ናይትሮጅን አይፈልግም። ብታበዢለት ትርፉ የሻጋታ ቀለብ መሆን ነው።

ስሌቱን በ10 ኪሎ እርጥብ ድብልቅ ላሳይሽ። እርጥበቱ 62 በመቶ ይሁን ብለን እንነሳ። ደረቁ 3.8 ኪሎ፣ ውሃው 6.2 ኪሎ ይሆናል። ለላየንስ ሜን አተላው 20 በመቶ ከሆነ ከደረቁ 0.76 ኪሎ ይወስዳል። አተላሽ 78 በመቶ ውሃ ከሆነ 0.76ን ለ0.22 ስታካፍዪ 3.45 ኪሎ እርጥብ አተላ ትመዝኛለሽ፤ ይህ ብቻውን 2.7 ኪሎ ያህል ውሃ ይዞ ይመጣል። ጀሶ 1 በመቶ፣ ማለትም 38 ግራም። የቀረው 3 ኪሎ ደረቅ ሰጋቱራ ነው። አየር ላይ የደረቀ ሰጋቱራ ግን ራሱ 12 በመቶ ያህል ውሃ ስለሚይዝ 3.4 ኪሎ ትመዝኛለሽ። ከዚህ በኋላ የምትጨምሪው ውሃ 3.1 ኪሎ ብቻ ነው። አተላውን እንደ ደረቅ ቆጥሮ 6 ሊትር የሚደፋ ሰው ከረጢቱ ሥር ውሃ የሚያቁርበት በዚህ ምክንያት ነው።

የአተላሽን እርጥበት አንዴ ለክቶ መተው አይሆንም፤ ከጭነት ጭነት ይለያያል። 100 ግራም ወስደሽ በ105 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ እስኪረጋ አድርቂ። የቀረው ግራም በቀጥታ የደረቁ መቶኛ ነው።

የፋብሪካው ዓይነትም ለውጥ አለው። ማሽ ፊልተር በሚባል መጭመቂያ ማጣሪያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብቅሉን አድቅቀው ስለሚፈጩ አተላቸው እንደ ሊጥ ይጠቀጠቃል፤ አየር አያሳልፍም። በተለመደው ማጣሪያ ጋን የሚወጣው ግን ገለፈቱ ሙሉ ስለሆነ ፈካ ይላል። የደቀቀው ዓይነት ከደረሰሽ ምጣኔውን በአምስት በመቶ ቀንሺና ከሰጋቱራው ሩቡን በሸካራ የእንጨት ፍቅፋቂ ተኪው።

ጀሶ ስትገዢ ለግንባታ የተዘጋጀውን ሳይሆን ንጹሑን። የግንባታው ማዘግያና ማጣበቂያ ይጨመርበታል፤ ለመድኃኒት ብለን በምናበቅለው ነገር ውስጥ ደግሞ እሱ አያስፈልገንም።

ባለ_በርሜል

ስለ ማምከኑ እኔ ልመልስ።

2400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የአውቶክሌቭ ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ እርስዎ ጋ 15 ፒ ኤስ አይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ ያህል ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ የባክቴሪያ ዘረ ድብቅ (ስፖር) የሚሞትበትን ፍጥነት ግን ከግማሽ በታች ታወርደዋለች። መሣሪያው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት የሚፈቅድ ከሆነ 19 ፒ ኤስ አይ ገደማ ላይ 121ን ያገኛሉ። የማይፈቅድ ከሆነ በግፊቱ አይጫወቱ፤ ሰዓቱን ያርዝሙ። ለ2.5 ኪሎ ከረጢት በ121 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚባለውን እርስዎ አራት ሰዓት ያድርጉት። ሰዓቱ የሚቆጠረው ግፊቱ ከሞላ በኋላ ነው።

ቫልቩን ከመዝጋትዎ በፊት እንፋሎቱ ያለማቋረጥ 10 ደቂቃ ይውጣ። ውስጥ የቀረ አየር ግፊቱን ያሟላል፣ ሙቀቱን ግን አያሟላም። ጌጁ ልክ ነው እያለ መሃል ያለው ከረጢት 105 ላይ የሚቀርበት አጋጣሚ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው። ከረጢቶቹንም አያጣብቁ፤ በመካከላቸው ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር፣ የማጣሪያው ገጽ ከሌላ ከረጢት ጋር አይለጠፍ።

በርሜሉ ሌላ ነገር ነው። ከ92 ዲግሪ በላይ ስለማይሄድ ድብልቁን ያዳክማል እንጂ አያመክንም። ባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ስፖሮች ይተርፋሉ፤ የተትረፈረፈ ፕሮቲን ካገኙ በሁለት ቀን ውስጥ ይነቃሉ። በርሜል ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ አተላውን በደረቁ ከ5 በመቶ አያሳልፉ፣ የከረጢቱን ክብደት ወደ 1.5 ኪሎ ያውርዱ፣ የዘሩን መጠን ደግሞ ወደ 8 ወይም 10 በመቶ ከፍ ያድርጉ። የማፍያው ጊዜ የመሃለኛው ከረጢት እምብርት ከ90 ካለፈ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት። ረጅም ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር አንዱ ከረጢት ውስጥ ተክለው ካላዩ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ የበርሜሉ ክዳን ላይ ያለው ቴርሞሜትር የሚነግርዎ የእንፋሎቱን ሙቀት ብቻ ነው።

ማደባለቅና ማምከን በአንድ ቀን ያልቁ። ማታ ተደባልቆ ጠዋት የሚመከን የአተላ ድብልቅ ሌሊቱን ሲቦካ ያድራል። አሲዱ ደግሞ በማምከን አይጠፋም፤ ጀርሙ ይሞታል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀራል።

ሸንኮራ_ምጣጭ

ባጋስን በተመለከተ፦ ይቻላል፣ ሰጋቱራውን በሙሉ ሳይሆን እስከ ግማሽ ድረስ። ሁለት ነገር ተጠንቀቂ።

ትኩስ ባጋስ የቀረ ስኳር አለው። ይህን ስኳር ከሬሺ ቀድመው የሚደርሱበት እርሾና አረንጓዴ ሻጋታ ናቸው። ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ቆርጠሽ በብዙ ውሃ አንዴ ዘፍዝፊ፣ ውሃውን ድፊ፣ አንጠፍጥፊ። የሚወጣው ውሃ መጣበቁን ሲያቆም በቃ።

የቆየ ባጋስ ሌላ ጣጣ አለው። ተከምሮ የሞቀና የሻገተ ባጋስ አቧራ የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ ባጋሶሲስ የሚል የራሱ ስም ያለው የታወቀ የሥራ ላይ በሽታ ነው። ሲፈታም ሲቆረጥም ደረቁን አትንኪው፣ ውሃ አርከፍክፊበት፣ ኤን 95 ማስክ አድርጊ።

ባጋስ ቀላልና ስፖንጅ መሰል ስለሆነ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ከረጢት ውስጥ የሚገባው ደረቅ ክብደት ከሰጋቱራ ያንሳል። ጠቅጥቀሽ ሙዪው። ናይትሮጅኑ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ከአተላ ጋር ይስማማል፦ 45 ሰጋቱራ፣ 38 ባጋስ፣ 15 አተላ፣ 1 ጀሶ፣ 1 የኖራ ድንጋይ ዱቄት፤ ሁሉም በደረቅ ክብደት።

ፋጉሎ? እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ፕሮቲኑ ከአተላውም ይበልጣል፣ የቀረ ዘይት አለው፣ ከ5 በመቶ ካለፈ ከረጢቱ ይግላል፣ አሞኒያም ይሸታል። አሞኒያ ከሸተተሽ ዘር አታባክኚ። በተለይ የተቃጠለ ኖራ ከፋጉሎ ጋር እንዳይገናኝ፤ ፒ ኤችን (የአሲድነት ልኬትን) ከፍ አድርጎ አሞኒያውን የሚያስለቅቀው እሱ ነው። ፒ ኤች ማስተካከል ከፈለግሽ ካርቦኔቱን፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ዱቄቱን ተጠቀሚ።

ፉርሽካ_ይሻላል

ሁላችሁም አተላ ላይ ተረባረባችሁ፤ ለጀማሪ ድርጅት ግን ፉርሽካ ይቀላል ባይ ነኝ። ደረቅ ነው፣ ለወራት ይቀመጣል፣ ፕሮቲኑ ከ15 እስከ 17 በመቶ ስለሆነ ሲሳሳቱበትም ቅጣቱ ያንሳል። ለላየንስ ሜን 20 በመቶ፣ ለሬሺ ከ10 እስከ 15 በመቶ ፉርሽካ ከሰጋቱራ ጋር በየትም አገር የሚሠራ ቀመር ነው። ትኩስ አተላ በሞቃት አየር ከአንድ ቀን በላይ አይቆምም። መኪናው ከዘገየ ዙሩ ሁሉ ይበላሻል።

ሰጋቱራ

ፉርሽካ ቀላል መሆኑ ልክ ነው፤ ጥያቄዋ ግን አተላው ከደጇ ስላለ ነው። ለመዘግየቱ መፍትሔ አለው። በደረሰ በሰዓታት ውስጥ በጆንያ አድርጎ በመጭመቂያ ቢጨመቅ እርጥበቱ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። የሚወጣው ፈሳሽ የሟሟውን ስኳርና ፕሮቲን ይዞ ስለሚሄድ የቀረው ለብክለት ያለው ተጋላጭነትም ይቀንሳል። ከዚያ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ውፍረት አስጥቶ እየገለበጡ ማድረቅ ነው። ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ ከሆነና ከ12 በመቶ በታች ከወረደ እንደ ፉርሽካ ይቀመጣል። አየሩ እርጥብ በሆነበት ወቅት ግን ፀሐይን ተማምኖ ማስጣት ሻጋታ መዝራት ነው፤ ያኔ የሚነፍስ ሙቅ አየር ያስፈልጋል።

ለጥራቱ አፍንጫሽ ይበቃል። ትኩሱ አተላ የሚሸተው እንደ ገንፎ ነው። እርጎ እርጎ ካለ ላክቲክ አሲድ ጀምሯል፤ ፒ ኤች ለክተሽ ከ5 በላይ ከሆነ በኖራ ድንጋይ ዱቄት ይስተካከላል። ኮምጣጤ ወይም ቅቤ የተበላሸ ሽታ ካመጣ ለከብት መኖም አይሆንም፣ ወደ ኮምፖስት ይሂድ። የድብልቁ ፒ ኤች ከማምከን በፊት ከ5.5 እስከ 6.5 ይሁን።

የሺ_ድር

በጣም አመሰግናለሁ፣ ስሌቱ ብዙ ነገር አጠራልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ብክለት ሲመጣ ከየት እንደመጣ ከረጢቱን አይቶ መለየት ይቻላል ወይ? ሁለተኛ፣ ድሩ (የእንጉዳዩ ክር መሰል አካል) ሙሉ በሙሉ የወረሰውን ከረጢት ሳያፈራ አድርቆ ፈጭቶ «የሬሺ ዱቄት» ብሎ መሸጥን እንዴት ታዩታላችሁ? ገዢዎች እየጠየቁ ነው።

የሻጋታ_ጠላት

የብክለቱን ምንጭ ከቀለሙ ይልቅ ቦታው ይነግርሻል።

ከረጢቱ ውስጥ በየቦታው፣ ሥሩም መሃሉም፣ ዘር ያልደረሰበት ጭምር በሦስት በአራት ቀን ከተበከለ ማምከኑ አልበቃም። ብክለቱ ከዘሩ ፍሬዎች ዙሪያ ብቻ ከተነሳ ዘሩ ራሱ ንጹሕ አልነበረም፤ ያንን የዘር ጠርሙስ የተካፈሉ ከረጢቶችን ሁሉ ለይተሽ አስቀምጪ። ከላይ፣ አየሩ በገባበት ገጽ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ ስትዘሪ የገባ ነው። በአንድ ጎን፣ በእጥፋት ወይም በስፌት መስመር ከሆነ ላስቲኩ ተበስቷል፤ ሰጋቱራ ውስጥ ያለ ስንጥር የሚሠራው ይህን ነው፣ በወንፊት ንፊው። ማጣሪያው ሥር ከሆነ ደግሞ ማጣሪያው ሲመከን ረጥቦ ቀርቷል።

ወደ ዓይነቱ ስንመጣ፦ አረንጓዴው ትሪኮደርማ ነው፤ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ስለሚመጣ ከድሩ ጋር ይምታታል። ከድሩ ይልቅ በፍጥነት ይዘረጋል፣ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ከዚያ ያረንጉዳል። ሽታው መራራ፣ ከረጢቱ ሥር ቢጫማ ውሃና ያልነጣ ጨለማ ቦታ ካለ ባሲለስ ነው፤ መንስኤው እርጥበት መብዛት ወይም በቂ ያልሆነ ሙቀት ነው። በአንድ ሌሊት ከማጣሪያው ውጭ ሳይቀር ብርቱካናማ ዱቄት ሆኖ ከወጣ ኒውሮስፖራ ነው።

ስለ ኒውሮስፖራ ጠበቅ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም አተላ፣ ዳቦና በቆሎ ላይ ሲያገኙት የሚያቆመው የለም። ስፖሩ እጅግ ቀላል ስለሆነ ከረጢቱን አንስተሽ ስትሄጂ ብቻ ክፍሉን ይሞላዋል። ያለበትን ከረጢት በእርጥብ ጨርቅ ወይም አልኮል በነከረ ፎጣ ሸፍነሽ፣ በሌላ ላስቲክ አስረሽ፣ ሳትከፍቺ በአውቶክሌቭ አምክኚውና ጣዪ። ማብቀያ ክፍል ውስጥ ከፍቶ ማየት የተከለከለ ይሁን። አተላ የሚራገፍበትና የሚደርቅበት ቦታም ከመዝሪያው ክፍል የተለየ፣ ነፋስ ከእሱ ወደ መዝሪያው የማይነፍስበት ይሁን። በአንድ ጣሪያ ሥር አተላ እያደረቁ ዘር መዝራት አይሆንም።

ዘሩን ለሬሺ ከተቻለ በእህል ሳይሆን በሰጋቱራ የተባዛ አድርጊው፤ እህሉ ራሱ ትሪኮደርማን ይጠራል። መጠኑ ከእርጥብ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ በ2.5 ኪሎ ከረጢት ከ75 እስከ 125 ግራም። ከዘራሽ በኋላ ከረጢቱን በደንብ አናውጪ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድሩ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ እምብርቱ ከክፍሉ በሁለት እስከ አራት ዲግሪ ይበልጣል፣ አተላው ከፍ ካለ ደግሞ ከዚያም በላይ። ከረጢቶቹን አትደርቢ፤ በመካከላቸው አምስት ሴንቲሜትር ይኑር።

የላብ_ጥግ

ድሩ የወረሰውን ከረጢት ፈጭቶ መሸጥን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው።

ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ቢታይም አብዛኛው ክብደት አሁንም እንጨትና ገለፈት ነው። ሰው የሚገዛው ሬሺ መስሎት ነው። በእህል ላይ ያደገ ዱቄት ከሆነ አንድ ጠብታ አዮዲን ያጋልጠዋል፦ ስታርች ካለ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። በአተላ ላይ ያደገው ግን ይህን ፈተና ያልፋል፣ ምክንያቱም ስታርቹን ቢራው ወስዶታል። ስለዚህ አዮዲኑ ካልጠቆረ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ቤታ ግሉካን የሚባለው የእንጉዳይ ፖሊሳካራይድ (የስኳር ሰንሰለት) ምርመራም እዚህ ላይ ያታልላል። የተለመደው የኢንዛይም ዘዴ ጠቅላላ ግሉካንን ይለካና አልፋ ግሉካንን (ስታርችና መሰሎቹን) ይቀንሳል። የቀረው ሁሉ «ቤታ ግሉካን» ይባላል። የገብስ ቤታ ግሉካንና የእንጨት ሴሉሎስ እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። የገብሱ ትስስር 1፣3 እና 1፣4 ነው፤ የእንጉዳዩ 1፣3 እና 1፣6። በሰውነት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ አንድ አይደለም። የድር መጠን ማወቅ ከተፈለገ የሚለካው ኤርጎስቴሮል የሚባለው የፈንገስ ውህድ ነው፤ እሱ ከገብስም ከእንጨትም አይመጣም።

ይህን ስል ድር ሁሉ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ተርኪ ቴል ከሚባለው እንጉዳይ የሚወጣው ፒ ኤስ ኬ የተባለ ውህድ፣ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 ለካንሰር ሕክምና ረዳት ሆኖ የተፈቀደው፣ ይሠራ የነበረው ከድር ነው፤ ነገር ግን ድሩ ያድግ የነበረው በፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ከመኖው ተለይቶ ይወጣ ነበር። ላየንስ ሜን ላይም ኤሪናሲን የሚባሉት ውህዶች ያሉት በድሩ ውስጥ ነው፣ ሄሪሴኖን ደግሞ በፍሬው አካል። ልዩነቱ ድሩን ከሚበላው ነገር መለየት መቻል ነው። ከሰጋቱራና ከአተላ መለየት አይቻልም።

ከዚህ የሚከብደው የግብዓቱ ጥራት ነው። እንጉዳይ ካድሚየምንና ሌሎች ከባድ ብረቶችን ከማብቀያው ሰብስቦ ይይዛል። ሬሺ ደግሞ እንደ ወጥ አይበላም፤ ይደርቃል፣ ይፈላል፣ ይጠጥራል፣ በየቀኑ ይወሰዳል። ስለዚህ ከፋብሪካው ጋር ስትነጋገሩ እነዚህን አረጋግጡ፦ አተላው የሚወጣበት መስመር የጋን ማጠቢያ ኮስቲክ ሶዳና ፐርአሴቲክ አሲድ የሚያልፍበት አለመሆኑን፣ ሰጋቱራው ከቀለም፣ ከኮምፖንሳቶና ከተቀባ እንጨት ነጻ መሆኑን፣ እህሉም ሻጋታ ያላየው መሆኑን። የለውዝና የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ በአፍላቶክሲን የሚታወቅ ነው፤ አፍላቶክሲን በ121 ዲግሪ አይጠፋም። ፋጉሎውን ተዪው ያለው ሰው ሌላ ምክንያት ሰጠ እንጂ ለእኔ ይሄ ብቻውን ይበቃል።

ሌሎች ተረፈ ምርቶች እንዳያታልሏችሁ ደግሞ፦ የብርቱካን ልጣጭ ዘይቱ ድሩን ያፍናል፤ ጨው ያለበት ማንኛውም ቅሪት አይሆንም፤ ያገለገለ የቡና አተላ ደቃቅ ስለሆነ ይጠቀጠቃል፣ ካፌይኑም ወደ እንጉዳዩ ሊሻገር ስለሚችል ለመድኃኒት ተብሎ በሚሸጥ ነገር ውስጥ አላስገባውም።

መለያው ላይ «ያድናል» ብለሽ አትጻፊ። ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ፣ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁና የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ላይ ላሉ ሰዎች ሬሺ ያለ ሐኪም ምክር እንዳይወሰድ ግን በግልጽ ይጻፍ።

ሰጋቱራ

ማፍራቱን ማንም ስላልነካው በአጭሩ።

ሁለቱን በአንድ ክፍል አታድርጊ። ላየንስ ሜን በ22 ዲግሪ ገደማ ይወርሳል፣ ከ16 እስከ 20 ድረስ ያፈራል። ሬሺ ሲወርስም ሲያፈራም ከ24 እስከ 28 ይፈልጋል። እርጥበት ለሁለቱም ከ85 እስከ 95 በመቶ።

የላየንስ ሜን ድር ስስ ነው። አተላ ያለበት ከረጢት ላይ ግራጫ መስሎ ስለሚታይ «አልወረሰም» ተብሎ ይጣላል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሲሆነው በብርሃን አዙረሽ እዪው። ከረጢቱ ላይ ባዶ ቦታ ከተተወ እዚያው ውስጥ ማፍራት ይጀምራል። አየሩን አስወጥተሽ ላስቲኩን ከማብቀያው ጋር አጣብቂና ሁለት ሴንቲሜትር የምታህል አንድ ወይም ሁለት የመስቀል ቅድ ብቻ ክፈቺ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1000 ፒ ፒ ኤም ካለፈ ኳስ መሆኑ ቀርቶ እንደ ኮራል ይቀረነጫል። ውሃ በቀጥታ አትርጪበት፣ ቡናማ ይሆናል። ጥርሶቹ ግማሽ ሴንቲሜትር ሲደርሱ ቁረጪ፤ ሲረዝሙና ቢጫ ሲሆኑ ይመራል።

ሬሺ ተቃራኒው ነው፣ ጋዙ የምትፈልጊውን ቅርጽ ይሰጥሻል። ከረጢቱ ተዘግቶ ከቆየ ቆብ የሌለው ቀንድ ቀንድ ያበቅላል። ቀንዱ ከአምስት እስከ አስር ሴንቲሜትር ሲደርስ አንገቱን ከፍተሽ ንጹሕ አየር ብትለቂበት ጫፉ ጠፍጥፎ ቆብ ይሆናል። ብርሃን ደግሞ ጽሑፍ ለማንበብ የሚበቃ ያህል፣ በቀን 12 ሰዓት። ከመዝራት እስከ መልቀም ሦስት ወር ገደማ ቁጠሪ። የቆቡ ጠርዝ ነጭ ሆኖ እስካለ ድረስ እያደገ ነው፤ ነጩ ጠፍቶ ጠርዙ እንደ መሃሉ ሲቀላና ገጹ ላይ ቡናማ ዱቄት ማረፍ ሲጀምር ደርሷል። ያ ዱቄት ስፖሩ ነው፣ አለርጂ ያስነሳል። ለቀማ ላይ ማስክ ይደረግ፣ አየር ማስወጫውም ወደ ዘር መዝሪያው ክፍል እንዳይነፍስ።

የሺ_ድር

ከረጢት ፈጭቶ መሸጡን ትቼዋለሁ። ሬሺው እንዴት ይድረቅ?

የላብ_ጥግ

በለቀምሽበት ቀን ከሦስት እስከ አምስት ሚሊሜትር ቆራርጪው፤ ከደረቀ በኋላ ቢላ አይገባውም፣ እንጨት ነው። በ45 ዲግሪ ጀምረሽ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ ወደ 60 አድርሺው፣ እስኪሰበር። እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ሳይውል ሳያድር አየር በማያስገባ ዕቃ ከእርጥበት መምጠጫ ጋር ይታሸግ። ክፍት ካደረ ከአየሩ መልሶ ይጠጣል።

ጭማቂውን ራስሽ የምታዘጋጂ ከሆነ ሁለት ጊዜ ነው። ትሪተርፔኖቹ፣ መራራዎቹ፣ በውሃ በደንብ አይወጡም፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ አልኮል ይፈልጋሉ። ቤታ ግሉካኑ ደግሞ በሙቅ ውሃ ነው፦ አንድ እጅ ለአስር እስከ ሃያ እጅ ውሃ፣ ከ90 ዲግሪ በላይ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት። ሁለቱን ስትቀላቅዪ የመጨረሻው አልኮል ከ30 በመቶ ካለፈ ፖሊሳካራይዱ (ቤታ ግሉካኑ) ከሥር ሊዘቅጥ ይችላል፤ ያንን ዝቃጭ አጣርተሽ እንዳትጥዪው።